ጥጓ የተቆነጠጠች ሳምቡሳ

ሰኞ ነበር። ማለቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ከጠዋት እስከ ማታ የኖረው የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ወደ ማታ የደቻቱ ወንዝ ወሰደው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ ላይ ስደርስበት እጄ እንዳይቆም ብዬ ነው። ሰኞን ግን መጻፍ እችላለሁ። ሰኞ የሳቅኩትን ያህል በሕይወቴ ስቄ አላውቅም።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። የዚያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ድሬዳዋ በሙሉ ፆመኛ ሆና ነበር። ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ እስከ መግሪብ። ያልፆመ ሰው ቢኖር እንኳ ውሃ የሚጠጣው ግድግዳ ላይ ዞሮ ነበር።

ወንድሜ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነው። ነበር። የእኛ ሙቀት ለዳቦ አይራራም፤ ዛሬ የወጣ ፉርኖ ነገ ከድንጋይ እኩል ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ሳይሸጥ የዋለውን ለፍየል አርቢዎች ይሰጡት ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ ዱቄቱን ከክንዱ እያራገፈ ፊታቸው ቆመ።

«ሐጂ፣ ፍየል ዱዓ አታደርግም» አላቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «አንተስ ታደርጋለህ?» አሉት። ክርስቲያን መሆኑን ያውቃሉ።

«እኔ አላደርግም። የሚያደርጉልዎት ግን አውቃለሁ። አርባ ናቸው።»

አርባዎቹ ከደቻቱ ማዶ በመጋላ ሰፈር ጠርዝ፣ ድሮ ብርቱካን ይከማችበት በነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ድርቅ ከገጠር ያመጣቸው አሉ፣ ጦርነት ከኦጋዴን በኩል ያፈናቀላቸው አሉ፣ ጧሪ ያጡ የከተማችን ሽማግሌዎችም አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያው ናቸው። ሐጂ በማግስቱ ፍየሎቹን አሰናበቱ።

ከዚያ ወንድሜ ሆቴሉን ያዘ። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ያለ የመንግሥት ሆቴል ነው። በሁለት ፆም መሀል ምሳ የሚበላ ሰው የለም፤ ነገር ግን ሰው መጣም አልመጣም እቅዱ መሟላት አለበት። ሩዙ በእቅዱ መሠረት ይቀቀላል፣ ከዚያ ድስቱ ሙሉ ቁጭ ይላል። ወጥ ቤቱ ወፍራምና ተጠራጣሪ ሰው ነበሩ። ሩዙን በደስታ ሰጡን። ድስቱን ስናነሳ ግን በር ድረስ ተከተሉን።

«ምግቡን ለእግዜር ሰጥቻለሁ» አሉ። «ክዳኑን ግን አልሰጠሁም። ክዳኑ ተመዝግቧል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ድስቱን ከነክዳኑ እንመልሳለን። እሳቸው ክዳኑን በጀርባውም በፊቱም አገላብጠው ያዩታል፣ የለወጥንባቸው ይመስል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ማን አደራጃችሁ ብለው ጠሩን። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ነበርና ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰፊው ሕዝብን፣ ምርታማነትንና ትግልን ሁሉ ከተትኩበት። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ አነበበውና «ዳቦው ሳይደርቅ እንዲፈቀድልን የሚል ጨምርበት» አለኝ። ጨመርኩበት። ሊቀመንበሩ ማኅተም አደረጉልን፤ ለናሙና ያመጣነውንም ዳቦ እዚያው በሉት።

ምግብ ከሚሰጡን ሦስተኛዋ፣ ሳምቡሳ ጠባሿ ናት። አዴ እንላታለን። መጋላ ውስጥ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ትጠብሳለች። ዘይት ውስጥ አፋቸው የተከፈተውን፣ ጥጋቸው የጠቆረውን ገዢ አይወስደውም፤ እሱን ታስቀምጥልናለች። ችግሩ አዴ የሥጋም የምስርም ትሠራለች። እሷ ጋ ሁለት ትሪ አለ። እኛ ጋ ሲመጣ ግን አንድ ዘንቢል ነው። ክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ላይ ናቸው፣ ያውም በሌላ ጊዜ ቢሆን የእስላም ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ዘዴ ፈጠረ። አዴ የምስሯን ስትጠቀልል አንዷን ጥግ በጣቷ ቆንጠጥ ታደርጋታለች። ጥጓ የተቆነጠጠች ምስር ናት፣ ያልተቆነጠጠች ሥጋ ናት። እስከዚያ ሰኞ ድረስ አንዲትም ስህተት አልነበረም።

አሁን ሰኞን ልጻፍ።

አሥር ሰዓት ላይ ዳቦውን ጫንን። ጋሪያችን አንዱ እግሩ የብስክሌት፣ ሌላው የአሸዋ ጋሪ ጎማ ስለሆነ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ይጎትታል። ከሆቴሉ ድስቱን ከነክዳኑ ወሰድንና ወደ ደቻቱ ወረድን። ድልድይ አለ። ግን ድልድዩ ዙሪያ ነው፣ መግቢያው ላይም ወታደር መታወቂያ ያያል፤ እንደ እኔ ያለውን ወጣት ደግሞ ከመታወቂያው በላይ ፊቱን ያያል፣ ለውትድርና ሊያፍሰው። ደቻቱ ግን ከተራራው ጎርፍ ካልወረደ በቀር ደረቅ አሸዋ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። የእኛ ጉዳይ ሰዓት ነው። መግሪብ ከመባሉ በፊት ካልደረስን ቀኑን ሙሉ የፆሙ ሽማግሌዎች በውሃ ነው የሚያፈጥሩት። ወንድሜ የሚፈራው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱ ነበሩ። እኛ ስንመጣ ጨዋታው ይቆማል።

«ባቡር መጣ» ይላል በረኛው።

«ስንተኛ ማዕረግ ነው?» ይላል ሌላው።

«ሩዝ አንደኛ፣ ዳቦ ሦስተኛ» ይላል ወንድሜ። «ኳስ ተጫዋች ግን አንጭንም አቦ፣ ጎል አግብታችሁ አታውቁም።» እስከ ማዶ ድረስ ሲሳደቡና ሲገፉልን ይሸኙናል።

አዴ የዚያን ቀን ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ ነበር። ከጅግጅጋ የመጣች እህቷ ናት የምትጠቀልለው። ዘንቢሉን ሰጠችን፣ ቸኩለን ነበር፣ ሳናይ ሮጥን።

ግቢ ደርሰን ወንድሜ ጨርቁን ገለጠው። ከዚያ አንዷን አነሳ። ሌላዋንም አነሳ።

«ሁሉም ተቆንጥጠዋል» አለኝ በቀስታ።

እህቷ ጌጥ መስሏት ነው። አንዷን ሳምቡሳ ቆንጥጣ አይታ ስታምርባት ጊዜ ሁሉንም አሳመረቻቸው።

ሰው ተሰበሰበ። ይሰበር የሚል ነበር፣ ከተሰበረ ይፈሳል የሚል ነበር። በዚህ መሀል ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በዱላቸው መንገድ እየከፈቱ መጡ። ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ሠርተዋል። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም ባቡሩ የት እንደደረሰ በአፍንጫዬ አውቅ ነበር ይላሉ። የኤረርን ጣቢያ በብርቱካኑ፣ የሁርሶን በወታደሮቹ ጫማ።

«አፍንጫዬ እያለ ምን ያስጨንቃችኋል። ስጡኝ» አሉ።

«አባባ፣ ፆም አይገድፍም?» አለ ወንድሜ።

«ማሽተት መብላት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰፈር ስኖር ወፍሬ ነበር።»

ወንድሜ አንድ በአንድ አፍንጫቸው ስር ያደርጋል። እኔ በሁለት ትሪ እለያለሁ።

«ሥጋ» አሉ።

ቀጣይዋን ሰጣቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መጨፈኑ ለምን እንዳስፈለገ እንጃ። «ሥጋ።»

«ይቺስ?»

«እ... ሥጋ። በደንብ የተቁላላ።»

ስምንተኛዋ ላይ ስንደርስ የሥጋው ትሪ ሞልቷል፣ የምስሩ ትሪ ላይ ዝንብ አርፏል። እማማ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። እማማ የክርስቲያኖቹ ትልቅ ናቸው፤ ከሽማግሌው ጋር የሚኖሩት በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተለያይተው ነው፣ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው ውስጥ ሲነታረኩ ይውላሉ።

«ስማ አንተ ሰውዬ» አሉ። «አፍንጫህም ሰልሟል እንዴ?»

«ከእኔ ጋር ነው የተወለደው። የት ሊሄድልሽ ነው?»

እማማ ከሥጋው ትሪ አንዷን አንስተው ሁለት ቦታ ከፈሏት። ምስር። ሁለተኛዋን ከፈሏት። ምስር። ሦስተኛዋ ላይ ሥጋ ስትወጣ ግቢው በሙሉ አጨበጨበላቸው።

«ምስሩ ሥጋ አጠገብ ውሎ ነው» አሉ ሽማግሌው ምንም ሳይደነግጡ። «አጠገብ የዋለ ነገር ይጋባል። እኔን አላየሽም? ከአንቺ ጋር ውዬ ውዬ ነጭናጫ ሆንኩ።»

ወንድሜ እዚህ ላይ ነው መቆም ያቃተው። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ አፉን ከፍቶ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ መሬት ይቀመጣል። ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። መግሪብ የተባለው እኛ መሬት እያለን ነው። ተምሩ ተዞረ፣ ውሃው ተዞረ፣ ሳምቡሳው ሁሉ እየተከፈለ ይታይ ጀመር። «ምስር፣ ወደዚያ በለው።» «ሥጋ፣ ወዲህ።» ሳምቡሳ ከእጅ ወደ እጅ ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ሰው «ግን በአንድ ዘይት አይደል የተጠበሰው?» ሲል ወንድሜ ማሳል ጀመረ።

«እኔ ዛሬ ጆሮዬን ያመኛል፣ አልሰማሁም» አሉ እማማ፣ ምስራቸውን ጎረሱ።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራሮቹ አዞሩ። አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ዝናብ ይሸተኛል» አሉ። «ከላይ ነው። ነገ በአሸዋው አትምጡ ልጆች። በድልድዩ ዙሩ።»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወንድሜ ጋሪውን እንደያዘ ጎንበስ አለላቸው።

«አባባ፣ ዝናቡ የሥጋ ነው የምስር?»

እንደዚያ ያለ ሳቅ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ ሳቁ። ሽማግሌውም ሳቁ፣ ዱላቸውን እስኪጥሉ ድረስ። ማንም ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ አላነሳም። እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ጋሪው ባዶ ስለሆነ በየተራ እየተገፋን ተሻገርን። የእሱ ተራ ሲደርስ የሆቴሉን ክዳን እንደ ቆብ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። አሸዋው ገና ትኩስ ነበር።

«ነገ ለአዴ እነግራታለሁ» አለኝ። «የምስሩን አራት ማዕዘን ታድርገው። ሦስት ጥግ ሥጋ፣ አራት ጥግ ምስር። ዓይነ ስውርም በእጁ ያውቀዋል።»

«አባባ ግን ሥጋ ነው ይላሉ።»

ጋሪው ላይ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ጎማው ወደ ግራ ጎተተ፣ ሁለታችንም አሸዋው ላይ ተደፋን። ወጥ ቤቱ ክዳኑን ሲቀበሉ አገላብጠው አዩና «አሸዋ አለበት» አሉ። ሰኞ እንዲህ አለቀ።

ማክሰኞን አሳጥረዋለሁ።

ከሰዓት የቀበሌ የወጣቶች ስብሰባ ነበር፣ የቀረ ይጠየቃል ተብሏል። ወንድሜ «አንተ ሂድ፣ ብቻዬን እችለዋለሁ» አለኝ። ሄድኩ። ብቻውን ስለጫነ ዘገየ። ስለዘገየ በድልድዩ መዞር አልቻለም፤ ምናልባት ባይዘገይም አይዞርም ነበር። በእኛ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። አዳራሹ ውስጥ ሆነን ጉርምርምታ ሰማን፤ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ባቡሩ ዛሬ ቀደመ» አለ። ባቡር አልነበረም።

ኳስ ተጫዋቾቹ ሮጠው ወጥተዋል። ጠርተውታል። መሀል ላይ የብስክሌቱ ጎማ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮበት ነበር። ጋሪውን ትቶት መሮጥ ይችል ነበር ይላሉ። ድስቱን ሊያወርድ ሲታገል ነበር ይላሉ። እኔ አላየሁም። ከታች በኩል አገኙት። ይኸው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቤታችን ሰው ሞልቷል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። እድሩ ድንኳን ተክሏል። ሐጂ ሁለት ጆንያ ዳቦ አሸክመው መጡ፤ አንዱን ራሳቸው ይዘውት ነበር፣ ጋቢያቸው ዱቄት ሆኗል። ከእናቴ ፊት ጎንበስ ብለው ተመለሱና ጥግ ተቀመጡ። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሌላ ትልቅ ድስት ሩዝ ይዘው መጡ። አስቀመጡትና ክዳኑን በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ክዳኑን አትመልሱ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

አዴ ዘንቢል ላከች። የለቅሶው ቤት ሁዳዴ ላይ መሆኑን ታውቃለች። ሁሉም የምስር ነው፣ ሁሉም ጥጋቸው ተቆንጥጧል፤ የዛሬዎቹ ደግሞ አንድም የፈነዳ የለባቸውም።

እኔ ምግቡን ቁጭ ብዬ አየው ጀመር። ለቀስተኛው ሁሉ ፆመኛ ነው፣ ማንም አይነካውም። ፀሐይዋ ደግሞ ድንኳኑን ማጋል ጀምራለች። ትናንት ማታ ግቢው ምን በልቶ እንዳፈጠረ አሰብኩ። በውሃ ነው። ወንድሜ የሚፈራው ነገር በትክክል ያ ነበር፣ እሱም ሆነ።

ወደ እናቴ ሄጄ በጆሮዋ ነገርኳት። ለቀስተኞቹ ወንድሙ ሳይቀበር የት ይሄዳል እንደሚሉ አውቃለሁ። እሷ ቀና ስትል ድምፄን ሰማች እንጂ እኔን ያላየች መሰለኝ።

«ሂድ» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ድረስ። «በድልድዩ።»

አግዳሚ ወንበር የሚጫንበትን የእድሩን ጋሪ ወሰድኩ። ይኸኛው ወደየትም አይጎትትም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፤ አልለመድኩትም። ድልድዩ ላይ ወታደሩ አስቆመኝ። ምንድነው አለ። የለቅሶ ምግብ ነው አልኩት። የማን አለ። የወንድሜ። መታወቂያ ሳይጠይቀኝ በእጁ እለፍ አለኝ። ከድልድዩ ላይ ወደ ታች አየሁ። አሸዋው እርጥብ ነው እንጂ ውሃ የለም። ምንም እንዳልሆነ ይመስላል።

ግቢው ሁሉንም ሰምቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እኔ ስገባ ማንም አልጮኸም። ጋሪውን መሀል አቆምኩ፣ ጨርቁን ገለጥኩ፣ «ብሉ» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ቀስ ብለው ተነሱና ትከሻዬን ያዙ።

«ልጄ» አሉ። «አሁን ማን ይበላዋል? እኛ እስከ ዘጠኝ ነን፣ እነሱ እስከ መግሪብ።»

ጠዋት መጥቼ አላውቅም ነበርና አልታሰበኝም። አርባ ፆመኛ ሰው መሀል፣ ፀሐይ ላይ፣ ጋሪ ሙሉ ምግብ ይዤ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ይህን ቢያይ መሬት ይቀመጥ እንደነበር አወቅኩ። ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ። እማማ ሳቅ ነው ብለው ነው መሰለኝ እሳቸውም ጀመራቸው፣ ከዚያ ሌላዋ። ሩዙ እስከ ማታ ስለማይቆይ ወደ ሳፋ ገለበጥነውና ለሕፃናቱና ለታመሙት ሆነ። ዳቦውን ጥላ ስር አስገባነው።

ሽማግሌው ከግድግዳቸው አጠገብ አልተነሱም። ሄጄ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«በየት መጣህ?» አሉኝ።

«በድልድዩ።»

«ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ነው፣ አባባ።»

«ዝናቡ በእውነት ሸቶኝ እንደነበር እንጃ» አሉ። «በሳምቡሳው አፍሬ ነበር። አፍንጫዬን ላስከብር ብዬም ይሆናል። እርግጠኛ ብሆን ኖሮ...» ዱላቸውን መሬት ላይ አንከባለሉት፣ መልሰው ያዙት።

ከዘንቢሉ አንዲት ሳምቡሳ አንስቼ መዳፋቸው ላይ አደረግኩ።

«የምን ናት?» አልኳቸው።

በጣታቸው ዙሪያዋን ዳሰሷት። ጣታቸው የተቆነጠጠችዋ ጥግ ላይ ደርሶ ሲቆም አይቻለሁ። አፍንጫቸው ስር አደረጓት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሥጋ» አሉ። «በደንብ የተቁላላ።»

ከግድግዳው ወዲያ እማማ «ኤዲያ» ሲሉ ሰማኋቸው።

እዚያ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ባዶውን ድስት ጋሪው ላይ ጭኜ በድልድዩ ተመለስኩ። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ሆቴሉ ጋ ታጠፍኩ። ወጥ ቤቱ እኛ ቤት ለቅሶ ላይ ስለነበሩ ማድ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ድስቱን አስቀምጬ ክዳኑን አጥቤ፣ በፊቱም በጀርባውም አይቼ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።